«ገብቶኛል» አትበሉኝ፣ ድገሙልኝ

ወታደራዊ መገናኛ የሚያስተምር ሰው ጆሮው እስኪደነቁር የሚሰማው መልስ «ገብቶኛል» ነው። እኔንም ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው። የጋንታ መሪው በሬዲዮ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ምሥራቁ ድልድይ» ይላል። ኦፕሬተሩ «ገብቶኛል!» ብሎ ይዘጋል። ምኑ ነው የገባው? ሰዓቱ? ድልድዩ? አንድ ልምምድ ላይ እንዲህ ያለ ጎበዝ ልጅ ቡድኑን ይዞ ምዕራቡ ድልድይ ላይ ቁጭ አለ። በወዲያኛው በኩል ጓደኞቹ ሽፋን ይሰጠናል ብለው ይጠብቁታል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ነፋሱ አንድ ቃል በላበት፣ እሱም በግምት ሞላው። መልእክቱን መልሶ ቢደግም ኖሮ መሪው እዚያው ያርመው ነበር። አዛዦችም ብትሆኑ ሳይደገምላችሁ ሬዲዮውን አታስቀምጡ። ሲደገም ደግሞ አዳምጡ እንጂ ካርታ አትጠቅልሉ።

ሌላው ጥፋት ከላይ ይመጣል። ኮረብታ ላይ የቆመ አዛዥ እሱ የሚያየውን ታች ያለውም የሚያየው ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ባላክላቫ ላይ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሎርድ ራግላን፣ ፈረሰኞቹ ገስግሰው ጠላት መድፎቹን እንዳይወስድ ይከልክሉ ብሎ ጽፎ ላከ። ራግላን ከከፍታው ላይ መድፎቹን ያያል፤ ታች ያለው የፈረሰኞቹ አዛዥ ሎርድ ሉካን ግን አያይም። የትኞቹን መድፎች ብሎ ቢጠይቅ፣ መልእክተኛው ካፒቴን ኖላን እጁን ወደ ሸለቆው ዘረጋ። ከ600 በላይ ፈረሰኞች ራግላን ወዳላሰበው፣ በሦስት በኩል መድፍ ወደተጠመደበት ሸለቆ ጋለቡ። ከ100 በላይ ሞቱ፤ ኖላንም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ቦታውን በስምና በካርታ ነጥብ ጻፉ። ዓላማውንም ጨምሩበት፤ ግንኙነት ሲቋረጥ የበታቹ የሚወስነው በእሱ ነው።

የሬዲዮውን ቁልፍ እንደተጫናችሁ አትናገሩ። ትንሽ ቆዩ፣ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል።

ቸኩለናል ብላችሁ ያለ ኮድ አታውሩ። እ.ኤ.አ. በ1914፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ታነንበርግ ላይ ጀርመኖች የሩሲያን ያልተመሰጠረ የሬዲዮ መልእክት ቁጭ ብለው ሲሰሙ ነበር። የሩሲያው ጄኔራል ሳምሶኖቭ ጦር ተከቦ አለቀ።

መጥፎ ወሬ ማለዘብም ይቅርባችሁ። «ትንሽ ችግር ገጥሞናል» ምን ማለት ነው? ስንት ቆሰለ? ጥይቱ ስንት ቀረ? ላይ ያለው ሰው ስንት አምቡላንስ፣ ስንት ሳጥን ጥይት እንደሚልክ የሚያሰላው በዚያ ቁጥር ነው።