ኦብጀክት ተኮርና ሎጂክ ፕሮግራሚንግን በአንድ መንገድ አወዳድሩ

የእነዚህን ሁለት የፕሮግራም አጻጻፍ ስልቶች ልዩነት ከመሸምደድ አንድ ጥያቄ በሁለቱም ጻፉ። አዳማ መናኸሪያ ቆሜ የመጣልኝን ልስጣችሁ፦ ከዚህ ተነስቶ ሐዋሳ ይደረሳል ወይ?

መጀመሪያ ኦብጀክት ተኮሩን፣ በፓይተን ወይም በጃቫ። «ከተማ» የሚል ክላስ፣ ማለትም የኦብጀክቶች ንድፍ፣ ፍጠሩ። ከእሱ የሚሠራው እያንዳንዱ ከተማ አንድ ኦብጀክት ነው፤ የጎረቤቶቹን ዝርዝር ራሱ ይይዛል፣ ሲጠየቅ ደግሞ እነሱን ይጠይቃል። ስሌቱ ኦብጀክቶች መልእክት ሲለዋወጡና ሁኔታቸው ሲቀየር የሚሆነው ነው። ፍለጋውን ደረጃ በደረጃ የምትጽፉት ግን እናንተው ናችሁ።

አሁን ደግሞ በሎጂክ። ፕሮሎግ የተባለውን የሎጂክ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚያስኬደውን ኤስደብልዩአይ ፕሮሎግን (SWI-Prolog) ጫኑ፣ ነጻ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ የግዕዝ ፊደል ይቀበላል፤ ተለዋዋጮችን (ዋጋቸውን ፕሮሎግ የሚፈልግላቸውን ስሞች) ብቻ በ _ ጀምሩ።

መንገድ(አዳማ, ሞጆ).
መንገድ(ሞጆ, ባቱ).
መንገድ(ባቱ, ሻሸመኔ).
መንገድ(ሻሸመኔ, ሐዋሳ).
ይደርሳል(_ከ, _ወደ) :- መንገድ(_ከ, _ወደ).
ይደርሳል(_ከ, _ወደ) :- መንገድ(_ከ, _መሃል), ይደርሳል(_መሃል, _ወደ).

በቃ፣ እውነታና ሕግ ብቻ (ሕግ የሚባሉት :- ያለባቸው ናቸው፤ ምልክቱ «የቀኙ እውነት ከሆነ የግራውም እውነት ነው» ማለት ነው)። ፍለጋውን ፕሮሎግ ራሱ ይሠራዋል። አሁን ይደርሳል(_ከ, ሐዋሳ). ብላችሁ ጠይቁና ሴሚኮለን እየተጫናችሁ ተመልከቱ፤ ያው ሕግ ተገልብጦ ሐዋሳ የሚያደርሱትን ከተሞች በሙሉ አንድ በአንድ ያወጣላችኋል፣ በክላሱ ግን ለዚህ ሌላ ሜተድ (በክላሱ ውስጥ የሚጻፍ ተግባር) መጻፍ ነበረባችሁ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚማርከኝ ይሄ ነው!

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በመጨረሻው ሕግ ውስጥ ይደርሳልን ከመንገድ ካስቀደማችሁት መልሱን ከሰጠ በኋላ ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባል። የመመለሻ መንገድ፣ ማለትም መንገድ(ሞጆ, አዳማ). ስትጨምሩም እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ የታለፉ ከተሞችን ዝርዝር አብራችሁ አስይዙ። ይህ በክላሱም ያስፈልጋል።

በየደቂቃው የሚቀያየር ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የሚኒባሱ ባዶ ወንበር ቁጥር፣ እሱን ለክላሱ ተዉለት።