ኪዮጃ ላይ ዓሣ ከማዘዛችሁ በፊት

ከቬኒስ በስተደቡብ ባለችው ኪዮጃ ዓሣ ልትበሉ ካሰባችሁ ሰኞን ዝለሉት፤ የከተማዋ የዓሣ ገበያ ሰኞ ዝግ ነው። በሌላው ቀን ግን ጠዋት ገበያውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። መደቡ ላይ በብዛት ያያችሁትን ምሳ ሰዓት ላይ ጠይቁ።

ትልቁ ጣጣ ዋጋው ላይ ነው። ሜኑው ላይ ከሙሉ ዓሣ ጎን «ኤቶ» የሚል ካለ፣ የተጻፈው የ100 ግራም ሂሳብ ነው። 7 ዩሮ ብሎ ያጓጓችሁ ዓሣ 800 ግራም ከመዘነ 56 ዩሮ ይመጣል! እሳት ላይ ሳይወጣ አስመዝኑና ድምሩን ጠይቁ፤ ምንም ነውር የለውም። ከምግቡ ስም አጠገብ ኮከብ ምልክት ካያችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣው በረዶ ሆኖ የቆየ ነው፤ ማብራሪያው ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይኖራል። «ኮፔርቶ» የምትባለዋ በሰው የምትታሰብ ትንሽ ክፍያ ስትመጣ አትደንግጡ፣ የተለመደች ናት።

ኪሳችሁ ሳይጎዳ የአካባቢውን ምግብ ለመቅመስ «ሳርዴ ኢን ሳኦር» እዘዙ። የተጠበሰ ሰርዲን በሽንኩርትና በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ አድሮ፣ ሳይሞቅ ይቀርባል። ለእኔ ከዓሣው ይልቅ ሽንኩርቱ ይጥማል፤ ዳቦ አስጨምሩ።