ከቴሌቪዥን ካርቶን በወጣ ፎም የጣና ዳር ገደል እንዴት ይሠራል?

የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ማለት ትንንሽ ወታደሮችን በማስመሪያ እየለኩ ማንቀሳቀስና ዳይስ እየጣሉ መዋጋት ነው። ወታደሮቹ ብዙውን ጊዜ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቆማሉ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ግን ጨዋታው አይጥምም፤ መደበቂያ የለ፣ መውጫ መውረጃ የለ። ስለዚህ አንድ ገደል እንሥራ፤ የውጭ አገር አረንጓዴ ኮረብታ ሳይሆን የራሳችንን የጣና ዳር ገደል።

ዋናው ዕቃ ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ ሱቆችን ጠይቁ፤ ለእነሱ ቆሻሻ ነው። የፍራሹ ለስላሳ ፎም አይሆንም። ከዚያ ካተር፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ስቴኪኒ፣ ስቱኮ፣ ፕላስቲክ ቀለም (ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማና ትንሽ አረንጓዴ)፣ የተነፋ አሸዋ እና ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ።

አደራ፣ ማስቲሽ እንዳታስጠጉ! ማስቲሽ፣ ቲነር፣ ቤንዚን፣ የቆርቆሮ ስፕሬይ ቀለም፣ ሁሉም ፎሙን ይበሉታል። አንድ ዕቃ ካጠራጠራችሁ ቁራጭ ላይ ጠብ አድርጉና ጠብቁ። ከሰረጎደ ተዉት።

መጠኑን አስቀድማችሁ ወስኑ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በ28 ሚሊ ሜትር ወታደር ልክ እንሥራው ካልን ገደሉ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ተጫዋቹ እንኳ ከማዶ አይታይም። ስለዚህ ማሳጠር ነው። 30 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቺፕውድ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 5 ሳንቲ ሜትር የሚወፍሩ ሦስት ደረጃዎች ይበቃሉ። እያንዳንዱ ደረጃ ከታችኛው ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ገባ ይበል። የወታደሩ መቆሚያ አብዛኛውን ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ከዚያ የጠበበ ቦታ ላይ ወታደሩ ይወድቃል። ለዓይን ያማረ፣ ወታደር የማይቆምበት ገደል ጌጥ እንጂ ሜዳ አይደለም።

ሲቆረጥ ካተሩ አዲስ ስለት ይኑረው። ስለቱን ረዘም አድርጋችሁ አውጡና በቀስታ ሳቡ፤ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ካላችሁት ፎሙ ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ ነፋስም ይወስደዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ቁረጡ፤ ቁርጥራጩንም በከረጢት ሰብስቡት፣ ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ። ደረጃዎቹን በኮላ አጣብቁና ስቴኪኒ ሰክታችሁ ያዟቸው። ፎም ኮላውን ቶሎ አያደርቀውም። በክረምት ደግሞ ይብሳል፤ አሳድሩት።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። የገደሉን ፊት በካተር አታስተካክሉ፤ በጣት እየቆነጠራችሁ ገንጥሉት። ባሕር ዳር አካባቢ ለአጥር የሚደረደረውን ጥቁር ድንጋይ ጠጋ ብላችሁ እዩት። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የነበረው ጋዝ የተወው ቀዳዳ መዓት ነው። ነጩ ፎምም ሲገነጠል ፍሬ ፍሬው ይወጣና እንዲሁ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። በሌላ አገር ያሉ ሠሪዎች ይህን ፍሬ ስለሚጠሉት ሮዝ ወይም ሰማያዊ የሆነውን ደቃቅ ፎም ይመርጣሉ። ለእኛ ድንጋይ ግን ነጩ ይሻላል ባይ ነኝ። ቀዳዳው ትንሽ ይተልቃል፤ እሱን ቀጥሎ የምንቀባው ልባስ ያሳንሰዋል።

ለልባሱ ስቱኮ፣ ኮላና ጥቁር ፕላስቲክ ቀለም ቀላቅሉ፤ እንደ ገንፎ ሳይሆን በብሩሽ የሚሄድ ይሁን። ሁለት ጊዜ ቀቡ። ጠርዙን ቶሎ ቶሎ እጅ ስለሚነካው እዚያ ጨመር አድርጉ። ሲደርቅ ግራጫ ቀለም ብሩሽ ላይ ንኩና ብሩሹ ሊደርቅ እስኪል ድረስ ወረቀት ላይ ጥረጉት። ከዚያ ድንጋዩን በላይ በላዩ ዳስሱት። ቀለሙ ጎላ ያለውን ብቻ ይይዛል፣ ቀዳዳው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ገደሉ ድንጋይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ደረጃዎቹ ላይ ኮላ ቀብታችሁ አሸዋ፣ አልፎ አልፎም አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ በትኑ።

ከገደሉ ሥር የሚተርፈውን ቺፕውድ ውኃ እናድርገው፤ ሰማያዊ ግን አትቀቡት። ክረምት ላይ ወንዞቹ አፈር ይዘው ጣና ስለሚገቡ ውኃው ይደፈርሳል። ቡናማ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ጨምራችሁ ቺፕውዱን ቀቡ፤ ከደረቀ በኋላ ነጩን ኮላ በስሱ ደጋግሙበት። ኮላው ሲደርቅ ጥርት ብሎ ያብረቀርቃል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ካከላችሁ ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ለደንገሉ የመጥረጊያ ስንጥር 5 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ደንገል ከሰው ቁመት በላይ ነውና። ጫፉ ላይ አረንጓዴ የተነከረ ቃጫ በኮላ ለጥፉና፣ ግርጌውን በስቱኮ እየያዛችሁ በውኃው ዳር ትከሉት። ወታደር ለማንቀሳቀስ እጅ የሚገባበትን በኩል ክፍት ተዉት። ታንኳ ካማራችሁም ከዚያው ስንጥር ጥቂቱን በክር እሰሩና አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና አድርጉት፤ ሁለት ወታደር ይጭናል።