ድሬፒንግ ስትጀምሩ ጨርቅ የሚያስጨርሷችሁ ስህተቶች

ድሬፒንግ፣ ማለትም ጨርቁን ማኒኪን ላይ እየሰኩ ልብስ መቅረጽ፣ ቪዲዮ ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ጨርቁን ማኒኪኑ ላይ ጣል፣ ስፒል ሰካ ሰካ፣ በ30 ሰከንድ ቀሚስ ሆኖ ቁጭ! የማያሳዩን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ነው። ጀማሪ ገንዘቡን የሚጨርሰውም እዚያው ላይ ነው።

መጀመሪያ የሙከራ ጨርቅ። ብዙ ሰው ሁሉንም ነገር በአቡጀዲ ይሞክራል። አቡጀዲ ርካሽ ነው፣ እርሳስ ይቀበላል፣ ቅርፅ ይይዛል፤ ለኮትና ጠንከር ላለ ቀሚስ በጣም ጥሩ ነው። የመጨረሻው ልብስ ሺፎን ከሆነ ግን ይዋሻችኋል። አቡጀዲ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው እጥፋት ሺፎን ላይ ልፍስፍስ ይላል። ርካሽ ሺፎን ፈልጉና በሱ ሞክሩ። የሚለጠጥ ጨርቅም በሚለጠጥ ነው የሚሞከረው። ውዱን ጨርቅ ቀጥታ የሚቆርጥ ሰውማ ምን ይባላል።

ትልቁ ስህተት ግን ድርና ማግን መርሳት ነው። ድሩ ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ ሆኖ በርዝመቱ ይሄዳል፣ ማጉ ያቋርጠዋል። ሱቅ ውስጥ በመቀስ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማጉን አይከተልም። ስለዚህ አቡጀዲውን ጫፉ ላይ ትንሽ ቆረጥ አድርጋችሁ በእጅ ቅደዱት፤ ሲቀደድ ራሱ ማጉን ይዞ ይሄዳል። አጥፋችሁት ማዕዘኖቹ ካልገጠሙ አጠር ባለው ሰያፍ በኩል ሳብ ሳብ አድርጉት፣ ከዚያ ተኩሱት፣ ካውያውንም በድሩ አቅጣጫ እንጂ በሰያፍ አትጎትቱ። አሁን በእርሳስ ሁለት መስመር አስምሩ፦ የፊት መሃሉን በድሩ፣ የደረቱን በማጉ። የመጀመሪያው ከማኒኪኑ መሃል ጋር ይግጠም፣ ሁለተኛው ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን። እግር ላይ የሚዞር ሱሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የድሩ መዛባት ነው።

በሸማ የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። የእጅ ሽመና ልል ስለሆነ መቀስ ሲነካው ይተረተራል። ጥለቱም አብሮ የተሸመነ ነው፤ ጨርቁ ትንሽ ከዞረ ወዲያው ያሳብቅባችኋል። መጀመሪያ ጥለቱ የት እንደሚያርፍ ወስኑ፣ ከዚያ ወደ ላይ ሥሩ። ከትከሻ ጀምሮ እየወረዱ ጥለቱ ታች በአጋጣሚ ቦታውን ያገኛል ማለት ዘበት ነው።

ማኒኪኑን እንዳለ ማመንም ሌላ ስህተት ነው። ደንበኛችሁ ማኒኪን አይደለችም። ደረት፣ ወገብና ዳሌ በሜትር አመሳክሩ፤ የጎደለውን በጥጥ ወይም በስስ ስፖንጅ ሙሉት፣ መስመሮቹን በቀጭን ሪባን አሳዩ። መጨመር ይቻላል፣ መቀነስ ግን አይቻልም፤ ስትገዙ ጠበብ ያለውን ግዙ።

ከዚያ መወጠር ይመጣል። ጨርቁ ልጥፍ ሲል ያምራል፣ እጅም ሳያውቀው ይስባል። ማኒኪን ግን አይተነፍስም፣ አይቀመጥም፣ ታክሲ ውስጥ አይጋፋም። ለማይለጠጥ ጨርቅ ደረት ዙሪያ ቢያንስ 5 ሳንቲ ያህል ትርፍ ተዉለት። ጎኑ ላይ ቆንጠጥ አድርጋችሁ በስፒል ያዙት፣ ሥራው ሲያልቅ ትለቁታላችሁ።

ስፒል ካነሳን፣ አንድ ስፒል ብቻውን አይበቃም፤ ጨርቁ በዙሪያው ይሽከረከራል። ሁለት ስፒል አዘንብላችሁ ጫፍ ለጫፍ አገናኟቸው።

አንገትና ብብት አካባቢ የሚጨማደደውን በጉልበት ለማስተኛት አትታገሉ። መቀስ ነው የሚፈልገው። ከዳር ወደ ስፌቱ መስመር ትንሽ ትንሽ ቆረጥ ቆረጥ፣ ግማሽ ሳንቲ ሲቀር ማቆም። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ለሆነ ልብስ ደግሞ ሁለቱንም ጎን መሥራት ልፋት ነው፤ ግማሹ ይበቃል።

በሰያፍ፣ ማለትም ድርና ማጉን አቋርጦ፣ የሚቆረጥ ልብስ የራሱ ጣጣ አለው። በ1912 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የራሷን የፋሽን ቤት የከፈተችው ዲዛይነር ማድሌን ቪዮኔ ሰያፍ ቁርጥን ያስከበረችው በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ እየሞከረች ነው። ትንሽ ማኒኪን ብዙ ጨርቅ ያድናል፣ ሀሳቡን መስረቅ ነውር የለውም። ስህተቱ ልብሱን በዚያው ቀን መቀምቀም ነው። ሰያፍ ጨርቅ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፣ ያውም እኩል አይወርድም። አንድ ሌሊት ይሰቀል፤ ከዚያ ከወለሉ እየለካችሁ ታቹን አስተካክሉ።

ምልክት ሳያደርጉ ማውረድ ደግሞ የቀኑን ሥራ ገደል ይከታል። ስፒሎቹ ከተነቀሉ የሚቀረው የተጨማደደ ጨርቅ ነው። ስፒል ባለበት ሁሉ በሁለቱም ወገን ነጥብ፣ መገናኛው ላይ የመስቀል ምልክት፣ ፊትና ጀርባው የቱ እንደሆነ ጽሑፍ፤ ፎቶም ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንና ከኋላ። ከወረደ በኋላ ነጥቦቹን በማስመሪያ አገናኙ፣ የሚጋጠሙት ጠርዞች እኩል መሆናቸውን ለኩ። የስፌት ትርፍ ጨምሩና በእጅ ወስወስ አድርጋችሁ መልሳችሁ አልብሱት። ከሁለት ሦስት ሜትር ርቃችሁ እዩት፤ በተለይ ብብቱ ሥር ያለውን።