ሰፊውን የልብስ መለኪያ ክፍል ለአካል ጉዳተኛ ገበያተኛ አመቺ አድርጎ መጠቀም

መሃል አዲስ አበባ ካሉ የልብስ መደብሮች የብዙዎቹ መለኪያ ጥግ ላይ በመጋረጃ የተከለለች፣ አንድ ሰው ቆሞ የሚለብስባት ቦታ ናት። በዊልቸር የሚሄድ ሰው አይገባባትም። በገበያ ማዕከል ውስጥ ሰፋ ያለ የመለኪያ ክፍል ያለው መደብር ሲገኝ ግን ያ ክፍል ለእሱ ብቸኛው አማራጭ ነው፤ ለሌላው ገበያተኛ ከበርካታዎቹ አንዱ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱም፣ ደረጃ መውጣት ለማይችሉም የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። መደብሩ ውስጥ ከተገባ በኋላ ያለው ጉዳይ ግን በሻጩና በገበያተኛው እጅ ነው።

1. ባዶው ወለል ለምን እንደሚያስፈልግ ይወቁ

ዊልቸር ባለበት ሙሉ ዙር ለመዞር 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ወለል ይፈልጋል። በሩ ሲከፈት የሚተወው ክፍተት ከ80 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። መቀመጫው ከወለል ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ከዊልቸሩ መቀመጫ ጋር ስለሚቀራረብ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ይቀላል። የልብስ ማንጠልጠያውም ተቀምጦ እንዲደረስበት ከ120 ሴንቲ ሜትር በላይ መሰቀል የለበትም።

ሱሪ ለመለካት ሰውየው ዊልቸሩን ከመቀመጫው ጎን ያስጠጋል፣ ፍሬኑን ይይዛል፣ የእግር ማሳረፊያውን ያጥፋል፣ በእጁ ተደግፎ ይሸጋገራል። ከዚያ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያጋደለ ሱሪውን ያወጣል፤ አዲሱንም እንደዚያው ያስገባል። ታዲያ መቀመጫው ጎን አንድ ካርቶን ወይም የታጠፈ የሕፃን ጋሪ ካለ ዊልቸሩ አይጠጋም። በዊልቸሩና በመቀመጫው መሃል የምትቀረው ክፍተት ትንሽ ብትመስልም ሲሸጋገሩ የሚወደቀው እዚያ ላይ ነው።

2. ሌላ ክፍል ካለ እሱን ይጠቀሙ

እርስዎ ሰፊው ክፍል የማያስፈልግዎ ከሆነ ተራዎን በጠባቡ ይጠብቁ። በተለይ በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ሰሞን መደብሩ ሲጨናነቅ ሰፊው «ባዶ ነው» ተብሎ ሦስትና አራት ጓደኛሞች አብረው ይገቡበታል፤ ፎቶ መነሣትም ይጀመራል። የሚያስፈልገው ሰው በዚያ መሃል ቢመጣ ሌላ የሚሄድበት የለም። ሁሉም ተይዞ ሰፊው ብቻ ከቀረዎት የሚለኩትን አስቀድመው ለይተው ይግቡ፣ ሻጯንም «የሚፈልገው ሰው ከመጣ አንኳኪልኝ፣ ወዲያው እወጣለሁ» ብለው ይንገሯት።

ወደ ክፍሉ የሚገባውን ሰው «አንተ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ አይደለም። ሰው ሰራሽ እግር ከሱሪ ሥር አይታይም። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት፣ ሆዱ ላይ የሰገራ ከረጢት የተገጠመለት፣ ሳይቀመጥ ልብስ መቀየር የማይችል ሰው ሁሉ በዓይን አይለይም። ሲቆይም አያጣድፉት፤ እርስዎ በሁለት ደቂቃ የሚለኩት ሱሪ እሱን ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስድበታል። በር መደብደብ ወይም መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ማየት የሚያሳፍር ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። በግማሽ ሽግግር ላይ ያለ ሰው ከደነገጠ ሚዛኑን ይስታል።

3. ሲወጡ ክፍሉን እንደነበረ ይተዉት

ያልፈለጉትን ልብስ ለሻጩ መልሱ። ወለል ላይ የቀረ ማንጠልጠያ ወይም ቀበቶ በዊልቸር ጎማ ይጠቀለላል፤ የክራንች ጫፍ ደግሞ ከረገጠው ጨርቅ ጋር ይንሸራተታል። ያንቀሳቀሱትን ወንበር ወደ ቦታው ይመልሱ። መጨረሻ ላይ በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉት፤ ተዘግቶ የሚገኝ በር የተያዘ ስለሚመስል ሰው በከንቱ ይጠብቃል።

4. ሻጭ ከሆኑ

በየጠዋቱ መደብሩ ሲከፈት ክፍሉን ገብተው ይዩት። ችግሩ ከሞላ ጎደል ሁሌም አንድ ነው፤ መጋዘን ሆኗል። አዲስ የገባ ዕቃ፣ የተሰበረ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት፣ መጥረጊያና ባልዲ፣ ሁሉም የሚከማቸው ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ነው። «ሰው ሲመጣ እናወጣዋለን» የሚለው አይሠራም። ካርቶን ሲወጣ ቆሞ የሚያየው ደንበኛ ያስቸገረ መስሎት ሳይለካ ይሄዳል፤ ሁለተኛም አይመጣም።

ሲያነጋግሩት ደንበኛውን ራሱን ያነጋግሩ። አብሮት የመጣውን ዞር ብሎ «ስንት ቁጥር ነው የሚለብሰው?» ማለት ሰውየውን የሌለ ያህል መቁጠር ነው። «እግዜር ይማርሽ»፣ «አይ ምስኪን» የሚሉትም ከልብ ቢወጡ እንኳ ልብስ ልትገዛ የመጣችን ሴት ታማሚ ያደርጓታል። «እህቴ፣ ምን ላግዝሽ?» ይበቃል። ሳትጠየቁ ዊልቸር አትግፉ፣ ክራንችም ወስዳችሁ ጥግ አታቁሙ፤ ክራንቹ እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት።

የረዳት ነገር ብዙ ጊዜ ያጣላል። ሚስቱን የሚያለብስ ባል ወይም እናቱን የሚረዳ ልጅ «የሴቶች ነው» ተብሎ ይከለከላል። ሰፊው ክፍል የራሱ በር ካለው አብረው ይግቡ፤ ከሴቶቹ መለኪያ መሃል ከሆነ ደግሞ ሌሎቹን ቀድሞ አሳውቆ ማሳለፍ ነው።

ለዓይነ ስውር ደንበኛ ክንድዎን ይስጡትና ይዞዎት ይሂድ። ከዚያ ቦታውን በቃል ያሳዩት፦ መቀመጫው በግራ፣ ማንጠልጠያው ከበሩ ጀርባ፣ መቀርቀሪያው በቀኝ እጅ። የልብሱን ቀለምና ጥለት፣ እድፍ ወይም የተተረተረ ስፌት ካለም ይንገሩት። መስማት የተሳናት ደንበኛ ማንኳኳት አትሰማም። ከመግባቷ በፊት ስልክ ላይ ጽፋችሁ በምልክት ተስማሙ፤ ለምሳሌ የምትጠብቀው ሌላ ቁጥር ሲመጣ በበሩ ሥር ወረቀት ማሾለክ።

መብራት ሲጠፋ መስኮት የሌለው ክፍል ድቅድቅ ይላል። ውስጥ ሰው ካለ ወዲያው በድምፅ ይንገሩት፣ የእጅ ባትሪም ያቀብሉ። ሊፍቱ ጄኔሬተር ከሌለው ደንበኛው ፎቁ ላይ መቅረቱ ስለሆነ ወንበርና ውሃ አቅርቡለት እንጂ በደረጃ ተሸክመን እናውርድህ አትበሉት፤ እሱ ራሱ ካልጠየቀ በቀር።

5. ክፍሉ ጭራሽ ከሌለ

በመርካቶ ሱቆች የተለመደው ይህ ነው። መጀመሪያ በሜትር ለኩ፤ ግን ደንበኛው እንደተቀመጠ ይሁን። ሰው ሲቀመጥ ወገቡና ዳሌው ይሰፋል፣ ሱሪው ከኋላ ዝቅ ይላል፣ ከታች ደግሞ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ ቆሞ ለሚለብስ ሰው የሚሆነው ቁጥር ለእሱ ይጠባል፣ ያጥራልም። የኋላ ኪስ ላይ ቁልፍ፣ ብረት ወይም ወፍራም ስፌት ያለው ሱሪ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ፣ በተለይም ሰውነቱ ለማይሰማው ሰው አይሆንም። ቆዳውን እየጫነ ቁስል ያመጣል።

ከዚያ ልብሱን ቤቱ ወስዶ እንዲለካ ፍቀዱለት። የሚመለስበትን ቀን፣ መቀየር ወይም ገንዘብ መመለስ መሆኑን፣ መለያው እንዳይቆረጥ ደረሰኙ ላይ ጻፉ። የቃል ስምምነት በማግስቱ ሌላ ሻጭ ቆሞ ሲገኝ አይሠራም። መመለሻውን ደግሞ በሌላ ሰው እጅ መላክ እንደሚችል አብራችሁ ጻፉለት፤ ለሁለተኛ ጊዜ ታክሲ ተከራይቶ መርካቶ እንዲገባ አታስገድዱት።