የተሳሳተ ፎርሙላን በጥያቄ ሲያርሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ብድር ሰጪ እንዲህ የሚል ደንብ (ፎርሙላ) አለው እንበል፦ «አመልካቹ ቋሚ ደሞዝ ካለው እና ዋስ ካለው እና ባለትዳር ከሆነ ይጽደቅለት»። ደንቡ የሆነ ቦታ ተሳስቷል። የቱ ጋ እንደሆነ ባይታወቅም፣ ልምድ ያለውን የብድር ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል።

ደንቡን ጥሎ ከዜሮ መጀመር። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ትክክል ለመሆን ትንሽ የቀረው ፎርሙላ ብዙ እውቀት ይዟል። በ«እና» የተያያዘን ደንብ በደንብ ከጠየቁ፣ የጥያቄው ብዛት በዋናነት የሚወሰነው በሚታረሙት ቦታዎች ቁጥር ነው።

ስህተቱ ወዴት እንደሚያመለክት አለማየት። ደንቡ የከለከለውን ላጤ ባለሙያው ካጸደቀለት፣ «ባለትዳር» የሚለው ትርፍ ነው፤ ይሰረዝ። ዋስም ትዳርም የሌለው ከጸደቀለት ሁለቱም ባንዴ ይወጣሉ። ደንቡ ያጸደቀውን ባለሙያው ከከለከለ ደግሞ የጎደለ መስፈርት አለ። እዚህ ላይ መሰረዝ ነገሩን ያባብሰዋል።

የጎደለውን አንድ በአንድ መፈለግ። ደንቡ አጽድቆለት ባለሙያው የከለከለው ሰው ፎርም ላይ 64 ባዶ ሳጥኖች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ መስፈርት ነው። ሁሉም ምልክት ቢደረግባቸው ማመልከቻው እንደሚጸድቅ ይታወቃል። ግማሹን፣ 32ቱን፣ ምልክት አድርገው «አሁንስ?» ብለው ይጠይቁ። «ይጽደቅ» ከተባለ የጎደለው ከ32ቱ ውስጥ ነው። «አይሆንም» ከተባለ እነዚያን እንደተሞሉ ይተዉና ቀሪዎቹን ለሁለት ይክፈሉ። በ6 ጥያቄ አንድ የጎደለ መስፈርት እጅዎ ይገባል። ሳጥኖቹ 1,024 ቢሆኑም 10 ጥያቄ ይበቃል። እኔን ሁሌም የሚማርከኝ ይሄ ነው።

በአንድ ዓይነት ጥያቄ መወሰን። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ዳና አንግሉን በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ ጥያቄዎቹን በዓይነት ለይተው መርምረዋል። አንዱ «ይሄ ማመልከቻ ይጽደቅ?» ነው። ሌላው «ደንቤ ትክክል ነው? ካልሆነ የተሳሳተበትን አሳየኝ» ነው። በመጀመሪያው ብቻ ከሄዱ፣ ፎርሙ 20 ሳጥኖች ቢኖሩትና ከአሞላሎቹ ሁሉ አንዱ ብቻ የሚጸድቅ ከሆነ፣ 1,048,576 አማራጭ ውስጥ መዳከር ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው አለ ብሎ ማሰብ። ማንም ባለሙያ ሙሉ ደንብ አይቶ «እንከን የለውም» ብሎ መማል አይችልም። መፍትሄው በየቀኑ ከሚመጡት ማመልከቻዎች በዕጣ አውጥቶ መፈተን ነው። ደንቡ ከ100 ማመልከቻ ቢያንስ በ1ዱ የሚሳሳት ቢሆን፣ 300 በዕጣ የወጡ ማመልከቻዎችን ያለ አንድ ስህተት የማለፍ ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ነው። ዕጣው ግን እውነተኛ ዕጣ ይሁን፤ ባለሙያው «ጥሩ ምሳሌ» ብሎ የመረጣቸው 300 ይህን ዋስትና አይሰጡም።