የስደተኛ ወፎችን መምጫና መሄጃ፣ የጅራታቸውንም ግራና ቀኝ እንዴት እንመዝግብ?

ባሕር ዳር፣ ዳንግላ ወይም ቡሬ አካባቢ ከሆናችሁ፣ መስከረም ሲጋመስ ከብት የሚግጥበት መስክ ውጡ። ጅራቷን ላይ ታች የምትወዘውዝ፣ ሆዷ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ (በእንግሊዝኛ Yellow Wagtail) ፈልጉ። ከአውሮፓና ከእስያ ነው የምትመጣው፤ ክብደቷም አብዛኛውን ጊዜ 20 ግራም አይሞላም። ከመስቀል ወፍ ጋር ግን አታምታቷት። በዚህ ስም ከምንጠራቸው ብዙዎቹ እዚሁ ነዋሪ ናቸው፤ ዝናቡን ተከትሎ ወንዱ ላባ ቀይሮ ሲደምቅ እንግዳ ይመስለናል እንጂ።

1. አንድ መስክ ምረጡና በሳምንት ሁለቴ፣ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ሂዱ። ከብቶቹ እግር ሥር ተመልከቱ፤ ከብት ሲራመድ የሚነሱትን ነፍሳት ትለቅማለች። እረኞቹንም ጠይቁ፣ ከማንም በፊት ያዩአታል።

2. ቀኑን፣ ሰዓቱንና ብዛቱን ጻፉ። ያጣችሁበትን ቀንም «የለም» ብላችሁ መዝግቡ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። «የለም» የሚል ቀን ካልቀደመ ግን ወፏ ያኔ መጣች ወይስ እናንተ ዘግይታችሁ አያችኋት፣ መለየት አይቻልም።

3. ከየካቲት ጀምሮ ወንዶቹ ስለሚደምቁ ወንድና ሴቱን ለይታችሁ ቁጠሩ። በብዙ ትንንሽ ስደተኛ ወፎች መራቢያ ቦታ ቀድሞ የሚደርሰው ወንዱ ነው። አብዛኞቹ እስከ ሚያዝያ ይሄዳሉ።

4. ጅራት ለማነጻጸር ደግሞ ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለው፣ ሽቦ ላይ የምትደረደረው ስደተኛ ወፍ (በእንግሊዝኛ Barn Swallow) ትሻላለች። አንደርስ ፓፔ ሞለር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ሴቶቹ የጅራቱ ግራና ቀኝ እኩል የሆነውን ወንድ ይመርጣሉ ብሎ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ብዙ አከራክሯል። እኔም በአንድ ፎቶ አላምንም። ወፏ ትንሽ ዘወር ካለች አንዱ ላባ ያጥራል። ከዚህም የባሰው፣ እዚህ አፍሪካ ሳለች ላባ ትቀይራለች፤ ገና እያደገ ያለውን ላባ «የተዛባ አካል» ብሎ መመዝገብ ቀላል ነው።

ስለዚህ መጋቢት ላይ፣ በትክክል ከጀርባ፣ የአንዷን ወፍ ብዙ ፎቶ አንሱ። ሁለቱን ዳር ላባዎች ስክሪን ላይ ለኩ። በማግስቱ የትናንቱን ቁጥር ሳታዩ ድገሙት። የሁለቱ ቀን ልኬት ልዩነት ከግራና ቀኙ ልዩነት ከበለጠ፣ ያችን ወፍ ከመዝገቡ አውጧት። ወፍ በመረብ ይዞ መለካት ፈቃድና ሥልጠና ይጠይቃል፤ እናንተ በፎቶ ብቻ ሥሩ።